የዓሣ ልብ ስንት ክፍል አለው?

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስነሳኝ ባለፈው ክረምት ሐይቅ ከተማ ላይ ያጋጠመኝ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ከባድ አልነበረም፤ መልሱንም አውቀው ነበር። ያሳፈረኝ ተማሪዬ መልሱን ለምን እንዳላወቀ ሲገባኝ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ክረምት ላይ ወደ ቤተሰብ ስገባ፣ እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም ለሰፈር ልጆች ቲቶሪያል እሰጣለሁ። የዚያን ጊዜ ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁ ሰባት ልጆች ነበሩኝ። ከሰባቱ የአንደኛው አባት ዓሣ አስጋሪ ነው። ልጁ ጠዋት ከአባቱ ጋር በታንኳ ይወጣል፣ ረፋዱ ላይ ዓሣ ያጸዳል፣ ከሰዓት በኋላ ደብተሩን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። እጁን የቱንም ያህል ቢታጠብ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ ጓደኞቹም በዚሁ ያበሽቁታል።

አንድ ቀን የሞዴል ፈተና ሰጠኋቸው። ከጥያቄዎቹ አንዱ "ከሚከተሉት ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ልብ ያለው የትኛው ነው?" የሚል ነበር። ምርጫዎቹ እንቁራሪት፣ ርግብ፣ ዓሣ እና ላም ናቸው። ይኸው ልጅ እንቁራሪትን አከበበ።

"ለምን እንቁራሪት አልክ?" አልኩት።

"ገምቼ ነው ቲቸር።"

"ዛሬ ጠዋት የስንት ዓሣ ሆድ ዕቃ አወጣህ?"

"ወደ ሠላሳ ይሆናል።"

"ልቡን አይተኸው ታውቃለህ?"

"አዎ፤ ትንሽ ናት፣ ቀይ ናት፣ ከስንጥቡ ሥር ናት። ከወጣችም በኋላ ትንሽ ትመታለች።"

"ታዲያ ስንት ክፍል አላት?"

ዝም አለ። ከዚያ የመለሰልኝን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳውም። "ቲቸር፣ የኛ ዓሣ እኮ የመጽሐፉ ዓሣ አይደለም።"

ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ስተኛ ግን ነገሩ አላስተኛኝም። ይህ ልጅ በየቀኑ ሠላሳ ልብ በእጁ እየያዘ፣ ስለ ልብ የተጠየቀውን ጥያቄ የተሳሳተው ማንም "ይህች የያዝካት መጽሐፉ ላይ ያለችው ናት" ብሎ ስላልነገረው ነው። እኔም አልነገርኩትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሾርት ኖት ሳስገለብጠው ነበር።

በእኔ እምነት የባዮሎጂ ፈተና ዝግጅታችን ትልቁ በሽታ ይህ ነው። ሕይወት ያለውን ነገር የምናጠናው ሕይወት ያለውን ነገር ሳናይ ነው። ይህ ደግሞ ነጥብ ያሳጣል፤ አንዳንዴም፣ በኋላ እንደምነግራችሁ፣ ከነጥብ የበለጠ ነገር ያሳጣል።

ቁጥሮቹን ሁላችንም እናስታውሳቸዋለን። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ተሻሻለ በተባለበት ዓመት እንኳ ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ግማሹን ሳያገኙ ወጡ ማለት ነው። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው የሚል ካለ እሱ ሰው አካባቢያችንን አያውቀውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ ሲገባ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ቤተሰብ ተበትኖ እንደነበር እናውቃለን። የቋንቋ ችግር አለ፣ የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ የላብራቶሪ ነገርማ አይነሳ። እነዚህን እኔም ሆንኩ ይህ ቡለቲን ልንፈታቸው አንችልም። ሐይቁን ግን ማንም አልወሰደብንም።

በማግሥቱ ልጁን አምስት የዓሣ ልብ በቅጠል ጠቅልሎ እንዲያመጣ ነገርኩት። ቆሮሶ፣ በሳይንሱ ቲላፒያ የምንለው ነው። በአዲስ ምላጭ ከፈትናቸው። ደም ወደ ልብ የሚገባበት ክፍል፣ ኤትሪየሙ፣ ስስና ጠቆር ያለ ነው። ደሙን የሚገፋው ቬንትሪክል ወፈር ያለና ጠንካራ ነው። ከቬንትሪክሉ ፊት ነጭ ጉብታ አለ። አንደኛዋ ልጅ ወዲያው "ሦስት ሆነ እኮ!" አለች። ጎሽ! ፈተና ላይ የሚያሳስተው ይኸው ነው። ነጩ ጉብታ የደም ቧንቧው መጀመሪያ ስለሆነ ከሁለቱ ዋና ክፍሎች ጋር አይቆጠርም። ከዚያ "ለምን ሁለት ብቻ በቃው?" ብዬ ጠየቅኋቸው። የዓሣ ደም ከልብ ወደ ስንጥብ ይሄዳል፤ እዚያ ኦክስጅን ይዞ ወደ ልብ ሳይመለስ በቀጥታ ወደ ሰውነት ያልፋል። አንድ ዙር ነው። የእኛ ደም ግን ከሳንባ ወደ ልብ ተመልሶ እንደገና ይገፋል፤ ስለዚህ ሁለት ተጨማሪ ክፍል ያስፈልጋል። እንቁራሪት መሀል ላይ ናት፤ ሦስት አላት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ልብና የደም ዝውውር ከሰባቱ አንድም የተሳሳተ አላየሁም።

የዚያኑ ዕለት ሌላ ነገር ነገርኳቸው። ቆሮሶ ለሐይቃችን እንግዳ ነው። ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የሐይቁ ውኃ እጅግ ጥርት ያለ ነበር። በኋላ ሳይንቲስቶች ተመልሰው ሲለኩት ጥራቱ በብዙ ቀንሶ አገኙት። ያቀረቡት ማብራሪያም ይህን ይመስላል፦ ዓሣው በውኃው ላይ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን እንስሳት፣ ዙፕላንክተኖችን፣ በላቸው። እነሱ ሲቀንሱ የእነሱ ምግብ የነበረው አልጌ በዛ። አልጌ ሲበዛ ውኃው ደፈረሰ። ይህ እንግዲህ ከአምራች እስከ ተመጋቢ ያለው የምግብ ሰንሰለት ነው፤ ፈተና ላይ "አንዱ ሲቀነስ ሌላው ምን ይሆናል?" ተብሎ የሚመጣው። የአስጋሪው ልጅ ገርሞት "አባቴ ይህን ያውቃል?" አለኝ። ሄዶ ጠየቀው። አባትዬው በልጅነቱ ትልልቆቹ "ድሮ ውኃው ድንጋዩን ያሳይ ነበር" ሲሉ መስማቱን ነገረው። ልጁ ይህን ይዞ ሲመጣ ፊቱን ብታዩት!

ወደ ራሴ ልመለስ። ሰው ላይ ጣት ከመቀሰሬ በፊት ኃጢአቴን ልናዘዝ። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። የተማርኩበት ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ነበረው፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ስለነበር ግን አራት ዓመት ሙሉ በመስታወቱ ውስጥ ከማየት በቀር አልነካሁትም። ቢሆንም በሽምደዳ አልፌ እዚህ ደረስኩ። አንደኛ ዓመት ላይ በላብ ክፍለ ጊዜ ሁለት ቡቃያ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፣ የባቄላና የበቆሎ። "ሞኖኮቱ የትኛው ነው?" ተባልን። ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ከነነጠላ ሰረዙ እወጣዋለሁ፤ አንድ ኮቲሊዶን፣ ትይዩ የቅጠል መስመር፣ ጭራማ ሥር። እጄን ግን ማንሳት አቃተኝ። አባቴ ስንት ዓመት ሙሉ ያረመውን በቆሎ ስሙ ሲቀየር አላወቅሁትም!

ባለፈው ክረምት እናቴ አተር ስትከካ አጠገቧ ተቀምጬ ይህ ትዝ አለኝ። "እማዬ፣ ስንዴ ለምንድን ነው የማይከካው?" አልኳት።

"አንተ ልጅ፣ ኮሌጅ ገብተህ ጭራሽ ሞኝ ሆንክሳ! ስንዴ መች ለሁለት ይከፈልና! ይሰባበራል እንጂ፤ ቂንጬ ነው የሚሆነው።"

በቃ፣ ትምህርቱ ይኸው ነው። አተር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ ይከካሉ፤ ምክንያቱም ዘራቸው ሁለት ኮቲሊዶን አለው። ክክ ማለት አንዷ ኮቲሊዶን ናት። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላና በቆሎ አይከኩም፤ ያላቸው አንድ ኮቲሊዶን ነው። የእህሎቹ ስንቅ በአብዛኛው የተቀመጠው ኢንዶስፐርም ውስጥ ነው፤ የጥራጥሬዎቹ ግን ኮቲሊዶናቸው ውስጥ ነው። ስለዚህ ሽሮ በእንጀራ ስንበላ የኮቲሊዶንን ዱቄት በኢንዶስፐርም ዱቄት እየጠቀለልን ነው ማለት ይቻላል። ይህን ለሰባቱ ልጆች በነገርኳቸው ማግሥት አንዷ እራት ላይ ቤተሰቡን ሁሉ ሰብስባ ስታስተምር ማምሸቷን ሰማሁ። እናቷ "ልጄን ምን አስነካሃት?" ብለው ገበያ ላይ ያዙኝ።

አሁን ደግሞ ከሐይቅ ወደ ሰሜን፣ ወደ አምባሰል ልውሰዳችሁ። የእናቴ ወገኖች እዚያ ናቸው። የአምባሰል ማር ስሙ የታወቀ ነው፤ አያቴም ባህላዊ ቀፎ አላቸው። ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ጥያቄ እዚያ ቀፎ ውስጥ አለ። "የንግሥቲቱ የሰውነት ሴል 32 ክሮሞዞም ካለው የድንጉላው ስንት አለው?" የሚል። ልጆቹ "32" ይላሉ፤ እናትና ልጅ እኩል መሆን አለባቸው ብለው። በዚያ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያሳስታል፤ ንግሥቲቱን "አውራ" እንላታለን፤ አውራ ደግሞ የወንድ ስም ነው።

አያቴን ጠየቅኋቸው። "አባባ፣ አውራው ወንድ ነው ሴት?"

"አይ ልጄ፣ አውራ የምንለው ለክብሯ ነው። እንቁላል የምትጥለውስ እሷ አይደለች? ድንጉላው ከመብላት በቀር ምን ሥራ አለው! አበባ ሲጠፋ ጎትተው ነው የሚያስወጡት።"

አያቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ የቀፎውን ሥርዓት ግን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። እኔ የጨመርኩት ትንሽ ነገር ነው። ንግሥቲቱ ካዳቀለችው እንቁላል ሴት ይወጣል፤ ሠራተኛ ወይም ንግሥት። ካላዳቀለችው እንቁላል ድንጉላ ይወጣል። ስለዚህ ድንጉላው ከእናቱ ግማሹን፣ 16 ክሮሞዞም ብቻ፣ ይይዛል። አባት የለውም፤ በእናቱ በኩል ግን አያት አለው። ግማሹ አስቀድሞ ስለተገመሰ የዘር ሴሉን ሲሠራ እንደ ሌላው እንስሳ በሚዮሲስ መቀነስ አያስፈልገውም። ለልጆቹ "አባት የሌለው፣ አያት ያለው ማነው?" ብዬ እንቆቅልሽ አድርጌ ስጠይቃቸው ግማሽ ቀን ተከራከሩበት። እንቆቅልሽ ሆኖ የገባ ነገር ፈተና አዳራሽ ውስጥ አይጠፋም።

ከአያቴ ቤት ወደ ቆላው ሲወረድ ማሽላ ነው፤ ወደ ደጋው ሲወጣ ገብስና ባቄላ። የሲ-3 እና የሲ-4 ተክሎችን ነገር ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ሥዕል ከየት ይመጣል? ሙቀት ሲበረታና ውኃ ሲያጥር ተክሉ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠን ይቀንሳል፤ ገብስን በመሰሉ የሲ-3 ተክሎች ውስጥ ያለው ኤንዛይምም በስህተት ኦክስጅን እየያዘ ጉልበት ያባክናል። ማሽላ፣ በቆሎና የኛው ጤፍ ግን ሲ-4 ናቸው፤ ካርቦኑን አስቀድመው አጠራቅመው ለኤንዛይሙ ያቀርቡለታል። በለስ ደግሞ ከሁሉም ትብሳለች፤ ቀዳዳዋን የምትከፍተው ማታ ነው። ተማሪዎቻችን ለሲ-4 ምሳሌ ሲጠየቁ "ሸንኮራ አገዳ" ብለው ይሸመድዳሉ፤ ምሳቸው ላይ ያለው እንጀራ ግን ሲ-4 መሆኑን አያውቁም።

እዚያው ማሽላ ውስጥ አቀንጭራ አለ፤ ገበሬው የሚረግመው ባለ ሐምራዊ አበባ አረም። ቅጠሉ አረንጓዴ ስለሆነ ልጆቹ "ራሱን ይመግባል፣ ጥገኛ አይደለም" ይላሉ። ከሥሩ ቆፍሬ የማሽላውን ሥር እንዴት አንቆ እንደያዘ አሳየኋቸው። በከፊል ጥገኛ ማለት ይህ ነው፤ የራሱን ፎቶሲንተሲስ እየሠራም ውኃና ምግብ ከሌላው ይዘርፋል። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የማሽላው ሥር የሚያወጣውን ኬሚካል ሲያገኝ ይነቃል። ይህን ምሥጢር ተከትለው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ያስገኙት ኢትዮጵያዊው ተወላጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸልመዋል። የጀመሩትም ገበሬው ከሚረግመው ከዚሁ አረም ነው። ይህን ስነግራቸው ከሰባቱ ሁለቱ "ዲፓርትመንት ስንመርጥ ባዮሎጂ ነው" አሉኝ። እስኪያልፉ ድረስ ቃላቸውን አልያዝኩባቸውም።

አሁን ቅድም ያልኩትን፣ ከነጥብ የበለጠ የሚያሳጣውን ነገር ልንገራችሁ።

በዚያው ሰሞን ስለ ጥገኛ ትሎች ስናጠና "የቢልሃርዚያ ትል መካከለኛ ተሸካሚ ማነው?" ብዬ ጠየቅሁ። ሰባቱም በአንድ ድምፅ "ቀንድ አውጣ!" አሉ። ትክክል። በጣም ደስ አለኝ። ትምህርቱ አለቀና ልጆቹ ደብተራቸውን ሰብስበው ሲወጡ "ወዴት ናችሁ?" አልኳቸው።

"ሐይቅ ልንዋኝ።"

እዚያው በር ላይ አስቆምኳቸው። "ቀንድ አውጣው የት ነው የሚኖረው?" "ውኃ ውስጥ።" "የትኛው ውኃ ውስጥ?" ዝም አሉ። መጽሐፉ ላይ የተሳለው ውኃ ውስጥ ነዋ! የኛ ዓሣ የመጽሐፉ ዓሣ እንዳልሆነው ሁሉ፣ የኛም ውኃ የመጽሐፉ ውኃ አይደለም።

በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ሐይቅ ከተማን አዲስ የቢልሃርዚያ መገኛ ብሎ መዝግቧታል። ይህን ለሰባቱ ቁጭ አድርጌ ነገርኳቸው። እንቁላሉ ከታመመ ሰው ሰገራ ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ይፈለፈላል፣ ቀንድ አውጣው ውስጥ ገብቶ ይባዛል፣ ከዚያ ወጥቶ በቆዳ ቀዳዳ ሳያስፈልገው ሰው ውስጥ ይገባል። ሰባቱም ይህን ዑደት ለፈተና ሥለውታል፤ ቀስቶቹን ሳይቀር በቀይ እስክሪብቶ። ቀስቱ ወደ እነሱ እግር የሚያመለክት መሆኑን ግን አልጠረጠሩም። ሰባቱም ትክክል የመለሱት ጥያቄ ምንም አልጠበቃቸውም። ለጥያቄው ሙሉ ነጥብ የሰጠሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

ለዚህ በሽታ መድኃኒት የፈለገ ኢትዮጵያዊም አለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። እንዶዱ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አረጋገጡ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ከልጆቹ አንዱ "ታዲያ እንዶድ ሰብስበን ሐይቁ ውስጥ እንጨምራ!" አለ። የአስጋሪው ልጅ ቀድሞኝ "ዓሣውስ?" አለ። ልክ ነው፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ያን ቀን ልጁ እንደ ባዮሎጂስት አሰበ። ከሁለት ሳምንት በፊት ገምቶ እንቁራሪትን ያከበበው ያው ልጅ ነው።

አንዳንዶቻችሁ "ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ክክ ብሎ የሚጠይቅ የለም" እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት ነው። ግን ቃል የሚያዘው ማንጠልጠያ ሲያገኝ ነው። ኮቲሊዶን የሚለው ቃል ክክ ላይ ከተሰቀለ አይወድቅም፤ ባዶ ሜዳ ላይ ከተቀመጠ ግን ፈተናው ሳይደርስ ነፋስ ይወስደዋል። ሌሎቻችሁ "ጊዜ የለም፤ የአራት ዓመት ትምህርት ነው የሚከለሰው፤ የድሮ ፈተናዎችን መሥራት ይሻላል" ትላላችሁ። የድሮ ፈተና መሥራትን አልቃወምም፤ እኔም አሠራለሁ። የምለው ቅደም ተከተሉ ይስተካከል ነው። መጀመሪያ ነገሩን ማየት፣ ቀጥሎ ስሙን ማወቅ፣ ከዚያ ጥያቄውን መሥራት። ሁሉም ነገር ሐይቅ ዳር አለ ብዬም አልዋሽም። የዲኤንኤ መባዛት ወይም የክሬብስ ዑደት በታንኳ ተወጥቶ አይታይም፤ እሱ በወንበርና በመጽሐፍ ነው። ነገር ግን መሠረታዊውን የዕፅዋትና የእንስሳት ክፍል ከእጁ ያገኘ ልጅ ለከባዱ ክፍል የሚተርፍ ጊዜና ድፍረት ይኖረዋል።

ውጤቱስ? ብትሉኝ እውነቱን ልናገር። ከሰባቱ ሦስቱ 50 አልፈዋል። የአስጋሪው ልጅ በባዮሎጂ ጥሩ አመጣ፤ ሂሳብና ፊዚክስ ግን ጎተቱትና አጠቃላዩ አልሞላለትም። ሪሚዲያል ገባ። የእኔ ዘዴ ተአምር አልሠራም፤ ሐይቅ ውስጥ ሂሳብ ማጥመድ አልቻልንም። ልጁ ግን በስልክ "ቲቸር፣ ባዮሎጂው ላይ አልገመትኩም" አለኝ። ይህች ቃል ለእኔ ትልቅ ናት።

ለዲፓርትመንታችን ሦስት ነገር ልጠይቅና ላብቃ።

አንደኛ፣ ክረምት ላይ ቲቶሪያል የምንሰጥ ተማሪዎች ከመበተናችን በፊት አንድ ቀን እንሰብሰብ። እያንዳንዳችን ከየመጣንበት ቦታ ምን እንዳለ እንነጋገር። ከሐይቅ ዓሣ፣ ከአምባሰል ቀፎ፣ ከሌላውም ያለውን።

ሁለተኛ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉትን የዕፅዋትና የእንስሳት ምዕራፎች በአካባቢያችን ከሚገኝ ናሙና ጋር የሚያገናኝ አሥር ገጽ የማትሞላ መምሪያ እናዘጋጅ። እኔ የዓሣውንና የንቡን ለመጻፍ እጄን አውጥቻለሁ።

ሦስተኛ፣ መምህሮቻችን፣ ፈርመን የምንወስደው፣ ከተበላሸ የምንጠየቅበት አንድ ማይክሮስኮፕ ለክረምት ብትፈቅዱልን። የሐይቁን አንድ ጠብታ ውኃ ለሰባት ልጆች ማሳየት ከሰባት ገጽ ሾርት ኖት ይበልጣል።

እኛም ብንሆን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ይጠብቀናል፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ሰሞኑን በየዶርሙ የሚዞረውን የጥያቄ ክምር ሳይ የዚያ ልጅ ፊት ይመጣብኛል። ከእኛስ ውስጥ ስንቶቻችን ነን ገምተን እንቁራሪትን የምናከብብ?

እስቲ ዛሬ ካፌ ሽሮ ስታዙ አንድ ጊዜ ሳህኑን ልብ ብላችሁ እዩት። ከየትኛው ምዕራፍ እንደመጣ ካወቃችሁት ጥናቱን ጀምራችኋል።

ቸር ይግጠመን።